ነጩን ደም የት ደበቃችሁት?

ቅዳሜ ነበር፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ገደማ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበር የሆስፒታሉ ግቢ ጭቃ ሆኗል። በላብራቶሪው መስኮት አጠገብ ቆሜ ደም የምመረምርባቸውን የታጠቡ ስስ የመስታወት ቁራጮች፣ እኛ ብርጭቆ የምንላቸውን፣ ስደረድር አንድ የቡና ጭነት መኪና በሩን አልፎ ገባና የኋላ መዝጊያው ተከፈተ። ጋቢያቸው የረጠበ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው ወረዱ። ማንም አልጮኸም፤ ማንም አላለቀሰም። እኔ ደግሞ ዝምታን ነው የምፈራው። ቤተሰብ ሲጮህ ብዙውን ጊዜ በሽተኛው ገና ጉልበት አለው።

ያኔ ማን እንደነበርኩ በአጭሩ ልናገር። ጎሬ ተወልጄ አድጌ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ፣ በላብራቶሪ ባለሙያነት መቱ ከተመደብኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ዓይነ አፋር ነኝ። ሱቅ ገብቼ ክብሪት ለመግዛት እንኳ የምናገረውን በሆዴ ሁለቴ ሦስቴ ካልተለማመድኩ አልችልም። ሥራዬን የወደድኩት አንድም ለዚህ ይመስለኛል፤ ማይክሮስኮፕ መልስ ይሰጣል እንጂ ዓይን ዓይን እያየ አይጠይቅም።

ከዚያ ቅዳሜ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የቀበሌያችን የውይይት ክበብ ኃላፊ ጓድ ታደለ ጠርቶኝ፣ «የተማረ ሰው እውቀቱን ለሰፊው ሕዝብ ማካፈል አለበት። ስለ ሳይንስ አንድ ነገር ታቀርቢያለሽ» አለኝ። በዚያ ዘመን እምቢ ማለት እንደማይቻል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በጣም የገረመኝን ነገር መረጥኩ፤ ሰው ሠራሽ ደምን። መምህራችን ከውጭ መጽሔት እየተረጎመ ነበር ያስተማረን። በውጭ አገር ተመራማሪዎች ወተት የሚመስል ነጭ ፈሳሽ ሠርተዋል፤ ፈሳሹ ኦክስጅን ይይዛል፤ በተመሳሳይ ፈሳሽ ውስጥ የተነከረች አይጥ ሳትሰጥም ተንፍሳለች፤ ከእንስሳ ደረት የወጣ ልብ እንኳ ይህ ፈሳሽ ሲያልፍበት አየር እንዳላጣ ሁሉ መምታቱን ይቀጥላል። ተማሪ ሆኜ ይህን ስሰማ እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበር።

በክበቡ አዳራሽ በአማርኛ ከጻፍኩት ወረቀት ቀና ሳልል አንብቤ ጨረስኩ። በመጨረሻም «ይህ ገና ሙከራ ነው፤ ምናልባት አንድ ቀን ለሰው ይደርስ ይሆናል» ብዬ ነበር። ተረኛ ስለነበርኩ ጓድ ታደለ ወደ ኦሮምኛ ሲተረጉመው ሳልሰማ ወጣሁ። «ምናልባት» የሚለው ቃል ከአዳራሹ እንዳልወጣ ያወቅሁት በዚያ ቅዳሜ ነው።

በቃሬዛው ላይ የመጣችው ጫልቱ ትባላለች። ከያዮ ጫካ ማዶ ካለ መንደር ነው ያመጧት። በሰላም ወልዳ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ደሟ ፈስሷል፤ ሕፃኑ ከሴቶቹ ጋር መንደር ቀርቷል። ዶክተር ሰለሞን ወዲያው አስገብቶ የቀረውን አወጣላት፤ መፍሰሱም ቆመ። ችግሩ የቆመው ሊፈስ የሚችለው ካለቀ በኋላ መሆኑ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ቶሎ በይ!» አሉኝ የዋርዱ ነርስ እትዬ ፈለቀች በሩን በክርናቸው ገፍተው እየገቡ። «ይቺ ሴት ወረቀት ሆናለች።»

አልጋዋ አጠገብ ደርሼ ጣቷን ወጋሁ። ጠብታው ለመውጣት እንኳ ሰነፈ። የወጣውም ደም ደም አይመስልም፤ ቀይ ጨርቅ የታጠበበት ውኃ ነው የሚመስለው። ኦክስጅን በአፍንጫዋ ተደርጎላት ነበር፤ ሆኖም ሩጫ ላይ እንዳለ ሰው ታለከልካለች። በአንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲዘል ከሩቅ ይታያል።

ዶክተር ሰለሞን ማዳመጫውን ከጆሮው አወጣ። «ሳንባዋ ደኅና ነው፤ ኦክስጅኑም ሞልቷል። ከሳንባዋ ተቀብሎ ወደ ልቧ የሚያደርሰው ነው የጠፋው። በጉሉኮስ ሥሯን ብንሞላው ውኃ ነው፤ አየር አይሸከምም። ልቧ የጎደለውን በሩጫ ልታሟላ እየሞከረች ነው።»

«እስከ መቼ ትሮጣለች?» አልኩት።

«እስክትወድቅ። ደም አምጪልኝ፣ ሰናይት። አሁን።»

በዚያ ዘመን እዚያ ተቀድቶ የሚጠብቅ ደም አልነበረም። ደም የሚገኘው በሽተኛዋን ካመጣት ሰው ክንድ ነው። የጫልቱ ደም ኦ ሆኖ ተገኘ፤ ኦ ደግሞ ከኦ በቀር ከማንም አይቀበልም።

ባሏ ፈይሳ ሳይጠየቅ እጅጌውን ጠቅልሎ ይጠብቀኝ ነበር። ከጫልቱ ደም ያጠለልኩትን ውኃማ ክፍል ብርጭቆ ላይ አድርጌ የእሱን ጠብታ ጨመርኩበት። ብርጭቆውን ወዲያ ወዲህ ሳዘነብለው ደሙ እንደ ረጋ ወተት ቁርጥርጥ አለ።

«አይሆንም» አልኩት ወደ መሬት እያየሁ። «የአንተ ደም ይገድላታል።»

«እንዴት? ካንድ ገበታ እየበላን፣ ካንድ ምንጭ እየጠጣን?» ድምፁ ተሰበረ።

እትዬ ፈለቀች ትከሻውን መታ አደረጉት። «በደም ብትስማሙማ ወንድምና እህት ናችሁ ተብሎ መቼ ትጋቡ ነበር? አይዞህ፣ ልጄ፤ ውጭ ያሉትን እንጠይቃለን።» ብለው ወጡ።

ብዙ አልቆዩም። ሲመለሱ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

«እምቢ አሉ! ነጩን ደም አውጡ ነው የሚሉት።»

«የምን ነጭ ደም?» አልኩ።

«እኔ ምን አውቄ! አለ ብላ በአዳራሽ የተናገረችው ያቺ የላብራቶሪዋ ልጅ ናት አሉኝ። ሂጂና ንገሪያቸው።»

«እኔ?»

«ነጩን ያመጣሽው አንቺ፤ ቀዩንም አምጪ።»

ሰዎቹ በዋርዱ ግድግዳ ጥግ ፀሐይ ፈልገው ቆመዋል። ቃሬዛውን ግድግዳው ላይ አስደግፈውታል። ከመካከላቸው ጢሙ ሽበት የጀመረው ጎልማሳ የጫልቱ አጎት ኦቦ መገርሳ ነው። ስወጣ ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከዚህ በኋላ የተባለው ሁሉ የተባለው በኦሮምኛ ነው፤ በልጅነቴ ጎሬ ሜዳ ላይ ስጫወትበት ያደግሁት ቋንቋ ነው።

«ዲጋ አዲ አለ ያልሽው አንቺ ነሽ፣ ኢንተላ?» አለኝ ኦቦ መገርሳ። ዲጋ አዲ ነጭ ደም ማለት ነው፤ ኢንተላ ደግሞ ልጄ እንደማለት ነው። «ሁሩሙ ገበያ ላይ ያልሰማው የለም። የአይጥ ነፍስ እንኳ ያተርፋል ተብሏል። ለአይጥ የተገኘ ለእኛ ልጅ ምነው ጠፋ? የት ደበቃችሁት?»

«ነጩ ለጓዶች ነው» አለ ከኋላ አንድ ወጣት። ሳቁ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም።

«ቀዩ ደግሞ ከእኛ ተቀድቶ ወደ ሰሜን ይጫናል፤ ለዘማች» አለ ሌላው ዝቅ ባለ ድምፅ፤ ብሎም ማን እንደሰማው ለማየት ዞር ዞር አለ። ወጣት ወንድ ከገበያ እየታፈሰ ለውትድርና በሚወሰድበት በዚያ ወራት፣ መንግሥት ቤት ገብቶ ክንድን ዘርግቶ መተኛት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ገባኝ። ልፈርድባቸው አልቻልኩም።

«ኦቦ መገርሳ፣ ነጭ ደም እዚህ የለም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። «በደም ውስጥ ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ፤ እሱ ነው ኦክስጅንን...»

«ሄሞ ማን?» አለ ኦቦ መገርሳ። «የማን ልጅ ነው? የየት አገር ሰው ነው?»

አሁን የምር ሳቁ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ወደ ኋላ ዞሬ ልሄድ አንድ እርምጃ ተራመድኩ። በተከፈተው መስኮት የጫልቱ ትንፋሽ ይሰማል፤ አጭር፣ ፈጣን፣ መጋዝ እንጨት ላይ ሲመላለስ የሚያሰማው ዓይነት። ቆምኩ። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ የተደገፈው ቃሬዛ ነበር፤ እጀታዎቹ በላብና በዝናብ ጠቁረዋል።

«ከመንደር እስከ መኪናው መንገድ ማን ተሸከማት?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኛ ነና! ማን ሊሸከም ኖሯል?»

«አራት ሰው ብቻ ቢሆንስ?»

ኦቦ መገርሳ እንደ ሞኝ አየኝ። «ያንን ዳገት አራት ሰው ብቻውን? ተተኪ ሳይኖር? የጌባን ወንዝ ድልድይ ሳያዩ ይወድቃሉ። በየዳገቱ እየተተካካን ነው እንጂ።»

«እንግዲያው ስሙኝ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞቼ» አልኩ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ቃሉ ሳልለማመደው ይመጣልኝ ጀመር። «ልብም የሚኖረው አየር ሲደርሰው ነው። አየር ግን በራሱ እግር ልብ ድረስ አይሄድም፤ እንደታመመ ሰው ነው፣ ተሸካሚ ይፈልጋል። ደማችንን ቀይ ያደረጉት እነዚያ ተሸካሚዎች ናቸው። ከሳንባ ይቀበላሉ፣ ልብ ያደርሳሉ፣ ተመልሰው ይቀበላሉ። የጫልቱ ተሸካሚዎች ፈስሰው አልቀዋል። እኛ አየሩን አምጥተን አፍንጫዋ ላይ አድርገናል፤ አየሩ በር ላይ ቆሟል፤ የሚያነሣው የለም። የቀሩት ጥቂቶች ያለ ተተኪ ዳገት እየወጡ ነው። ልቧ ደግሞ ‹ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ› እያለች ስትሮጥ ትሰማላችሁ። እዚያ፣ በመስኮቱ።»

ሁሉም ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ ሰጡ።

«ነጩስ?» አለ ኦቦ መገርሳ፤ አሁን ድምፁ ውስጥ ፌዝ የለም።

«ነጩም ተሸካሚ ነው። ግን ሩቅ አገር ውስጥ ገና ሸክም እያለማመዱት ነው፤ ለሰው ደርሶ ዳገት አልወጣም። ያልኩትም ይህንኑ ነበር፤ መንገድ ላይ ተቆረጠ። በእጄ ቢኖርማ እዚህ ቆሜ እለምናችሁ ነበር?»

«የራስሽን ደም ለምን አትሰጫትም ታዲያ?» አለ ያ ከኋላ የነበረው ወጣት።

«አይገጥማትም።»

«አያ! የመንግሥት ሠራተኛ ደም መቼ ገጥሞ ያውቃል!»

እንደገና ሳቁ፤ ይህ ሳቅ ግን አላስደነገጠኝም። ወደ ውስጥ ሮጥኩና ብርጭቆዎቹን በሳህን ይዤ ተመለስኩ። በረንዳው ላይ፣ በፀሐይ፣ የራሴን ጣት ወጋሁና ጠብታዬን ከጫልቱ ጋር ቀላቀልኩ። ሲቆራረጥ አሳየኋቸው። አንገታቸውን አስግገው አዩ። «የእኔ ተሸካሚዎች ከእሷ ቤት ሲገቡ እንዲህ ይጣላሉ። የፈይሳም እንዲሁ ሆነ። የሚስማማው ደም ግን ልስልስ እንዳለ ይቀራል፤ እናንተ ራሳችሁ ታያላችሁ። የተቀዳው ደምም የትም አይጫንም። ከእናንተ አንድ ሰው ጠርሙሱን ይዞ ከእኔ ጋር አልጋዋ ድረስ ይሂድ፤ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትገባም እዚያው ይቁም።»

ኦቦ መገርሳ ጋቢውን ከትከሻው አወረደ።

«የእኔን ውጊ» አለ። «ተሸካሚ ጠፋ ተብሎ የእኛ ልጅ መንገድ ላይ አትቀርም።»

የእሱን ጠብታ ስቀላቅል ሁሉም ወደ ሳህኑ ተጠጉ። ብርጭቆውን አዘነበልኩ፤ እንደገና አዘነበልኩ። ልስልስ እንዳለ ቀረ።

«ሽማግሌው ተያዘ!» ብሎ ወጣቱ አጨበጨበ። ቀጥሎ የእሱ ተራ ሆነ፤ የእሱ ግን ተቆራረጠ።

«አየህ» አለው ኦቦ መገርሳ፣ «ወሬ ብቻ ነው ያለህ። ደምህ እንኳ መጣላት ይወዳል።»

ወረፋው በረንዳው ላይ ተሰለፈ። ከኦቦ መገርሳ ሌላ ሁለት የሚገጥሙ ተገኙ። ደሙ ያልገጠመው ሰው አፍሮ ሲመለስ አየሁና «ይህ ጥፋት አይደለም፤ ነገ ለሌላ ሰው አንተ ትሆናለህ» እያልኩ አጽናናሁት። ይህን ሁሉ የምናገረው እኔ መሆኔ ለራሴ ይደንቀኝ ነበር።

ኦቦ መገርሳ አልጋ ላይ ተጋድሞ ቱቦውን በጥርጣሬ እያየ፣ «ብዙ አትቅጂ፣ ኢንተላ፤ ጠጅ አይደለም» አለኝ።

«አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። ሰውነትዎ ይተካዋል።»

«የሚተካ ከሆነማ ምን አስለመነሽ? ቀድመሽ ይህን አትናገሪም ነበር?»

ጠርሙሱን ይዞ እንዲሄድ የተመረጠው ያ ተናጋሪ ወጣት ነው። ትኩሱን ጠርሙስ በሁለት እጁ አቅፎ፣ በኮሪደሩ ላይ እግሩን እያየ፣ አራስ ሕፃን እንደያዘ ሰው ተራመደ። የጫልቱ አልጋ አጠገብ ሲደርስ ፊቷን አይቶ ዓይኑ እንባ ሞላ።

ዶክተር ሰለሞን የጠርሙሱን ፍጥነት ራሱ አስተካከለ። «ቀስ» አለን። «የደከመ ፈረስ ላይ ባንዴ አይጫንም። ልቧ ቸኩላለች ብለን እኛም ከቸኮልን እንገድላታለን።»

ስለዚህ ጠበቅን። ፈይሳ በእግርጌዋ፣ ጠባቂው በጠርሙሱ ሥር፣ እኔ እጄን የእጅ አንጓዋ ላይ አድርጌ። እኔ እዚያ የመቆም ግዴታ አልነበረብኝም፤ የላብራቶሪ ሰው ሥራው በር ላይ ያበቃል። ግን መሄድ አልቻልኩም። መጀመሪያ ላይ የልቧ ምት ከጣቴ ሥር እንደ ፈራች ወፍ ይርገበገብ ነበር። የኦቦ መገርሳ ደም ወደ ማለቁ ሲቃረብ ወፏ ትንሽ ረጋች። ሁለተኛው ጠርሙስ ሲገባ አንዱን ምት ከሌላው መለየት ቻልኩ። በአንገቷ ላይ የሚዘለው ሥር ከዓይን ጠፋ። ከንፈሯ ላይ ከየት መጣ ሳይባል ቀለም መጣ። ልብ ተተኪ ማግኘቷን ስታውቅ እርምጃዋን ስታዘገይ በጣቴ ዳሰስኩ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ልብ ብዙ አንብቤያለሁ፤ እንዲህ አድርጎ የነገረኝ መጽሐፍ ግን የለም።

ፀሐይ ወደ ጎሬ በኩል ስታዘቀዝቅ ጫልቱ ዓይኗን ገለጠች።

«ደረቴ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሄደ?» አለች።

«ሄዷል» አላት ፈይሳ።

ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «አንተ በልተሃል?» አለችው።

እትዬ ፈለቀች ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እንዲህ ነው እንግዲህ ሴት!» አሉ፤ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው።

አንባቢዎቼ፣ ልጅ ሆኜ ኩራት ጥሩ አይደለም ተብዬ ነው ያደግሁት። ሰው ሲያመሰግነኝ የምገባበት ይጠፋኛል። በዚያ ቅዳሜ ግን ኮራሁ፤ እስከ ዛሬም ኮርቼ እኖራለሁ። የምኮራው ደም ስለለየሁ አይደለም፤ ያንን ያስተማረኝ ትምህርት ቤት ነው። የምኮራው የተማርኩት ነገር በእነዚያ ሰዎች አፍ ውስጥ ገብቶ፣ ቀልደውበት፣ ተከራክረውበት፣ የእነሱ ሆኖ ስላየሁት ነው። እስከዚያ ቀን እውቀት በወረቀት ላይ ተጽፎ፣ አንገት ደፍተው የሚያነቡት ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ አንገቴን ቀና አድርጌ የሰውን ዓይን እያየሁ ካልተናገርኩት ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። በሰዎቹም እኮራለሁ። ፍርሃታቸው ትክክለኛ ምክንያት ነበረው፤ ያም ሆኖ ፍርሃታቸውን እንደያዙ ክንዳቸውን ዘረጉ።

ሰው ሠራሹ ደም ይህን እስከምጽፍ ድረስ መቱ አልደረሰም። ሲደርስ ደስ ይለኛል፤ ተሸካሚ ሲበዛ ማን ይጠላል? ዓይናፋርነቴም ጨርሶ አልለቀቀኝም። ክብሪት ስገዛ ዛሬም እለማመዳለሁ። ግን የሰው ነፍስ በመካከል ሲኖር ድምፄ የት እንዳለ አውቀዋለሁ።

በዚያ ምሽት ኦቦ መገርሳ የሰጠሁትን ሻይ እየጠጣ፣ «በመንደራችን ለማን ማን እንደሚገጥም ቀድመን ብናውቀው ምን አለበት? ሴት ዛሬም ነገም ትወልዳለች» አለኝ። ዶክተር ሰለሞን ሰምቶ ወደ እኔ አየ። እኔም ማንም ሳያዘኝ «እኔ እሄዳለሁ» አልኩ።

በማግስቱ እሑድ ጠዋት ነጭ ጋዋኔን አጥፌ፣ ብርጭቆዎቹን በጥጥ ጠቅልዬ፣ የደም ዓይነት መለያዎቹን ፈሳሾች በረዶ በያዘ ፔርሙዝ ውስጥ ከትቼ ወደ ያዮ የሚመለሰው የቡና መኪና ዘንድ ሄድኩ። ሹፌሩ ጋሼ ከድር ከመነሣታችን በፊት ከጋቢናው ሆነው ፔርሙዙን አዩት።

«ለመንገድ ሻይ ይዘሽልኛል፣ እሜቴ?»

ደጁ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሁሉም ይሰማናል።

«ሻይ አይደለም፣ ጋሼ ከድር። ጣትዎን ይስጡኝና ምን እንደሆነ ላሳይዎ» አልኳቸው ጮክ ብዬ። እየሳቁ እጃቸውን በመስኮቱ ዘረጉልኝ፤ ተቀበልኩና ወጋሁት።